የደራሲው ቃልና የአድማጩ ፍርድ

(በድሬዳዋ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሙዚቃ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ «ሙያዬ ስሚንቶና ብረት ነው፤ ከዜማ ጋር ምን አገናኘኝ?» ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት ጥቂት መሐንዲሶች ከዚራ ውስጥ በአንድ ባልደረባችን ቤት ተሰብስበን፣ ከአባቱ በወረሰው የሸክላ ማጫወቻ አንድ የቆየ ሥራ አዳምጠን ነበር። በዚያ ምሽት የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ቆይቼ ሳሰላስለው የእኛንም ሙያ የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። አንድን ሥራ የደረሰ ሰው፣ ሥራው እንዴት መፈጸም እንዳለበት የመጨረሻው ዳኛ እርሱ ራሱ ነውን? ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ይህን ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ያዳመጥነው እንግሊዛዊው የዜማ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪትን የደረሰውን «የጦርነት ሪኪየም» ነው። ሪኪየም በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚደረስ የላቲን ጸሎት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ጸሎተ ፍትሐት ከምንለው ጋር ይቀራረባል። የኮቨንትሪ ከተማ ካቴድራል በኖቬምበር 1940 በጀርመን የአየር ድብደባ ወድሞ ነበር። በአጠገቡ የተሠራው አዲሱ ካቴድራል በ1962 ሲመረቅ፣ ይህ ሥራ ለበዓሉ ተደርሶ ሜይ 30 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ብሪትን በላቲኑ ጸሎት መካከል የዊልፍሬድ ኦወንን ዘጠኝ ግጥሞች አስገብቷል። ኦወን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ መኮንን ሲሆን፣ ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1918፣ በ25 ዓመቱ ተገደለ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ቤተ ክርስቲያን ትጸልያለች፤ የሞተው ወታደርም ይመልስላታል።

ደራሲው ለብቻቸው የሚዘምሩት ሦስት ድምፃውያን አንዲት ሩሲያዊት፣ አንድ እንግሊዛዊና አንድ ጀርመናዊ እንዲሆኑ አስቦ ነበር። የሶቪየት ባለሥልጣናት ግን ጋሊና ቪሽኔቭስካያ በምርቃቱ በዓል እንዳትዘምር ከለከሏት። ሐሳቡ የተፈጸመው በጃንዩዌሪ 1963 የዴካ ኩባንያ ሥራውን ለንደን በሚገኘው በኪንግስዌይ አዳራሽ በቀረጸ ጊዜ ነው። ቪሽኔቭስካያ፣ ፒተር ፒርስና ዲትሪኽ ፊሸር ዲስካው አብረው ዘመሩ፤ ብሪትን ራሱ መራ። ሸክላው በአምስት ወር ውስጥ ከ200,000 በላይ ተሸጠ። ለአንድ ዘመናዊ የመዘምራን ሥራ ይህ ብርቅ ነገር ነበር። ሆኖም ሁሉ አላመሰገነም። ኢጎር ስትራቪንስኪ በዚያ ሁሉ ሙገሳ ላይ ተሳልቋል።

ወደ እኛ ክርክር ልመለስ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን መሐንዲስ «ቤትን ከሠራው በላይ ማን ያውቀዋል? ደራሲው በገዛ እጁ ፍጥነቱንና ኃይሉን ለክቶ ሰጥቶናል፤ ከዚህ ወዲያ የሚመጣ ሁሉ ግልባጭ ነው» አሉ።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነው ባልደረባችን ግን አልተስማማም። እንደ እርሱ አስተያየት፣ በሸክላው ላይ የምንሰማው የብሪትንን ሥራ ብቻ ሳይሆን የቀረጻው ኃላፊ የነበረውን የጆን ካልሾውንም ሥራ ነው። ሙዚቃው ሦስት ወገን አለው። ትልቁ ኦርኬስትራና መዘምራኑ ከሴቷ ድምፃዊት ጋር የላቲኑን ጸሎት ያደርሳሉ፤ 12 ሰዎች ያሉበት ትንሽ ኦርኬስትራ የኦወንን ግጥሞች ለሚዘምሩት ሁለት ወንዶች ይጫወታል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ከኦርጋን ጋር ከሩቅ ይሰማሉ። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ በየቦታቸው ያስቀመጠው የማይክሮፎን አቀማመጥ ነው። ቪሽኔቭስካያ እንኳ ከወንዶቹ ተለይታ ከመዘምራኑ ጋር በመቆሟ እጅግ ተቆጥታ እንደነበር ካልሾው ጽፏል።

ከእኛ በዕድሜ የሚያንሰው ወጣት ሳይመን ራትል በ1983፣ ሪቻርድ ሂኮክስ ደግሞ በ1991 የመሯቸውን ቅጂዎች አስቀደመ። በእነዚህ የመዘምራኑ ቃል ይበልጥ ይለያል፤ የቪሽኔቭስካያ ድምፅ ግን እንደ ብረት ጆሮ ይቆርጣል አለ። ሌላው ወዲያው ተቀብሎ «ስለ ፍርድ ቀን የሚዘምር ድምፅ እንዴት ሊለሰልስ ይችላል?» ሲል ጠየቀው።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የጨዋታ ያህል ነበር። ዝም ብሎ ይሰማ የነበረ አንድ ባልደረባችን ሲናገር ግን መልኩ ተለወጠ። በሥራው መካከል ኦወን የአብርሃምንና የይስሐቅን ታሪክ ለውጦ የጻፈበት ክፍል አለ። በእርሱ ግጥም አብርሃም የተሰጠውን በግ ትቶ ልጁን ያርዳል። በዚያው ቅጽበት ሕፃናቱ ከሩቅ የመሥዋዕቱን ጸሎት በጠራ ድምፅ ይዘምራሉ። ሁላችንም ይህን የድምፅ ርቀት ስናደንቅ ባልደረባችን እንዲህ አለ፦ «እናንተ ርቀቱን ታደንቃላችሁ። እኔ ደቻቱ በሞላበት ሌሊት ከወንዙ ማዶ የሕፃናት ድምፅ ሰምቻለሁ። እንዲህ የጠራ አልነበረም። ደራሲው ልጆቹን ሰማይ ላይ አኖራቸው፤ እኔ የማውቃቸው ግን ውሃው ዳር ናቸው።»

በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በዚህች ከተማ የደረሰውን ማንም ከእኛ አይረሳውም። ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችን በአንድ ሌሊት በጎርፍ አለቁ። ስለዚህ የሚመልስለት ሰው አልነበረም። ቆይተው ግን እኒያ ታላቃችን «ብሪትን ይህን ሰው አግኝቶት ቢሆን ልጆቹን ወዴት ያቆማቸው ነበር?» ብለው ጠየቁ። ለደራሲው የጠበቁለትን ዳኝነት በዚህች ጥያቄ ራሳቸው ከፈቱት። ሸክላው ሲያልቅም ያ ባልደረባችን ያንኑ ገጽ እንደገና እንድናሰማው ለመነን።

እኔ በበኩሌ የደረስሁበት ይህ ነው። ደራሲው ራሱ የመራው ቅጂ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክርነቱ እጅግ የከበረ ነው፤ ፍርዱን ግን አይዘጋውም። ለዚህም ማስረጃው ከዚያው ቀረጻ ይገኛል። ካልሾው ብሪትን ልምምዱን ሲመራ ሳያስታውቅ ድምፁን ቀርጾ ነበር። ይህንኑ ለደራሲው 50ኛ የልደት ቀን ቢያበረክትለት ብሪትን አልተደሰተም። ድምፁ ለሕዝብ የወጣው በ1999 ነው። እዚያ ላይ ደራሲው መዘምራኑን እያቆመ፣ እያረመ፣ እንደገና እያስጀመረ ይሰማል። ሁሉ ነገር በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ።

የእኛ አባቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ትውፊት እንደሚነግረን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ሠሩለት። ምልክቱ ግን መምህሩን አላስቀረውም። ድጓ የተማረ ሰው ዛሬም ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ወርዶ በመምህር ፊት ካልዘለቀ ምስክር አይባልም። ብራናው በእጁ ቢሆንም ጆሮ ይፈርድበታል።

እኛስ? ሥራ ጀማሪ ሳለሁ አንድ አሮጌ የውሃ መውረጃ እንድናድስ ታዘዝን። ፕላኑ አንድ ነገር ይላል፤ መሬቱ ስንቆፍረው ሌላ ሆኖ ተገኘ። የነደፉት መሐንዲስ በሕይወት የሉም፤ በግንባታው ጊዜ ያዘዙት እርማት የተጻፈበት መዝገብም ተጥሏል። እውነቱን የነገሩን በአካባቢው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ ነበሩ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ የውሃውን መንገድ በገዛ እጃችን እንዘጋው ነበር።

ስለዚህ የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥራ ስናስረክብ ያማረውን የመጨረሻ ፕላን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የተሳሳትነውንና ያረምነውን ጭምር ጽፈን እናስቀምጥ። ብሪትን ያልወደደው ያ የልምምድ ቅጂ ለሚመጣው ትውልድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ ተገኝቷልና። ሁለተኛ፣ በደቻቱ ዳር የቆመውን ግንብ ስንመረምር ስሌታችንን ይዘን ብቻ አንሂድ። በዚያች ሌሊት ከማዶ ድምፅ የሰሙትን ሰዎች እንጠይቃቸው። ደራሲው ለክቶ ይሰጣል፤ ልኩ መድረሱን የሚናገረው ግን የሚያዳምጠው ሰው ነው።