ከመፍታት በፊት መለየት

ረጅም ንግግር አላበዛባችሁም። አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ ኮሮላዬ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ጉልበትም አጣች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ሞተር ይወርዳል» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው።

ቤቴ መልሻት ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅኩ። የአንዱን ሲሊንደር ኮይል ሶኬት ነቅዬ አስነሳለሁ፤ አጥፍቼ እመልስና ቀጣዩን እነቅላለሁ። ሦስቱ ሲነቀሉ መንቀጥቀጡ ባሰ፤ ሁለተኛው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ የለም። የማይሠራው እሱ ነው ማለት ነው! ኮይሉን ከሦስተኛው ጋር አቀያየርኩ፤ ችግሩ ባለበት ቀረ። ካንዴላውን ሳቀያይር ግን ችግሩ ወደ ሦስተኛው ዞረ። ለካ አንድ ካንዴላ ነው! አራቱንም በአዲስ ቀየርኩ፤ ሞተሩም ሳይወርድ ቀረ።

አደራ፣ የቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አትንዱ። ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ካታላይዘር ያበላሻል፤ ያኔ ወጪው እውነትም ይከብዳል። ካንዴላውም ኮይሉም ደህና ከሆኑ ደግሞ ወደ መካኒክ ሂዱ፤ ነውር የለውም።

እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው፦ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ውስጥ የተማርኩትን ረስቼ፣ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ መሮጤ።