የማታ ግብዣ ልብስ ቀለምና የአዳራሹ ብርሃን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የመሐንዲስ ሥራ በቱታና በራስ ቁር ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ፕሮጀክት ሲመረቅ፣ ማኅበር ዓመታዊ እራት ሲያዘጋጅ፣ የሥራ ባልደረባ ሲሞሸር፣ የጥሪ ካርድ ይደርሰዋል። በካርዱ ግርጌ «ጥቁር ከረባት» የሚሉ ሁለት ቃላት ሲያጋጥሙት፣ ድልድይ ለመንደፍ የማያመነታ ሰው ስለ ልብሱ ይጨነቃል። አንዱ የወር ደመወዙን ለማይሆን ልብስ ያወጣል፤ ሌላው ኀፍረትን ፈርቶ ከግብዣው ይቀራል። ገንዘብም ወዳጅነትም በከንቱ እንዳይባክን፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በቅድሚያ ቃሉን መረዳት ያስፈልጋል። «ጥቁር ከረባት» ማለት በማንኛውም ሙሉ ልብስ ላይ ጥቁር ከረባት ማሰር ማለት አይደለም። ኮሌታው በሐር የተሸፈነ የማታ ኮት፣ ማለትም ቱክሲዶ፣ ከነጭ ሸሚዝና ከጥቁር ቢራቢሮ ከረባት ጋር ማለት ነው። ቱክሲዶ የሚለው ስም የተወሰደው በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ካለው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተከፈተው ከቱክሲዶ ፓርክ የባለጸጎች መንደርና ክበብ ነው። ልብሱ ግን ስሙን ይቀድማል። በለንደን የሚገኘው የሄንሪ ፑል ልብስ ስፌት ቤት እንደሚያስረዳው፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የተባሉት የዌልስ ልዑል እ.ኤ.አ. በ1865 በሳንድሪንግሃም ለቤት እራት የሚለብሱትን አጭር ኮት እዚያ አሠርተዋል። ሊስተዋል የሚገባው የዚያ ኮት ቀለም ሰማያዊ እንጂ ጥቁር አለመሆኑ ነው። ስለዚህ «ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም ነውር ነው» የሚለው አስተያየት በታሪክ አይደገፍም።

የእኒሁ ንጉሥ የልጅ ልጅ፣ የዊንድሰር መስፍን፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት የእኩለ ሌሊት ሰማያዊ የሚባለውን እጅግ የጠቆረ ሰማያዊ በማዘውተር ቀለሙ እንዲስፋፋ ረድተዋል። ይህ ምርጫ የጌጥ ፍላጎት ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው የብርሃን ሕግ አለ።

ቀለም የጨርቁ ብቻ ንብረት አይደለም። በጨርቁ፣ ጨርቁን በሚያበራው ብርሃንና በተመልካቹ ዓይን መካከል የሚወለድ ነገር ነው። ጥቁር የተባለ ጨርቅ ሁሉ ብርሃንን ሙሉ በሙሉ አይውጥም፤ ጥቂቱን ይመልሳል። የተንግስተን ክር ያለው አምፑል ሙቀቱ ወደ 2,700 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ ቢጫና ቀይ ይበዛበታል፤ ሰማያዊው ያንሳል። በዚህ ብርሃን አንዳንድ ጥቁር ጨርቅ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡኒ ሲያደላ ይታያል። የእኩለ ሌሊት ሰማያዊ ግን ቢጫውንና ቀዩን ይውጣል፤ ሊመልሰው የሚችለው ሰማያዊ ደግሞ በአምፑሉ ብርሃን ውስጥ እምብዛም የለም። ከዚህም የተነሣ ከጥቁሩ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል።

ይሁን እንጂ ይህ የቆየ ምክር በዛሬው አዳራሽ ሁሉ አይሠራም። ነጭ ኤል ኢ ዲ መብራት የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ባስገኘው የሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ግኝት አማካይነት ነው። ከብርሃኑም ውስጥ 450 ናኖሜትር አካባቢ ጉልህ የሰማያዊ ድርሻ ይገኛል። ቀዝቃዛ ነጭ ብርሃን ባለበት አዳራሽ የእኩለ ሌሊት ሰማያዊ ሰማያዊነቱን ያወጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን ጥቁር መስሎ እንዲታይለት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሁለት ጨርቆች በአንድ ብርሃን አንድ ዓይነት መስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጣቃ ቢቆረጡ ይመረጣል። ልብስ ሲከራይም ሆነ ሲሰፋ፣ በሱቁ ደጃፍ በፀሐይ ብርሃን ብቻ አይቶ መወሰን አይበቃም፤ የአዳራሹን በሚመስል መብራት ሥር መፈተን ይገባል።

ነጩን በሚመለከት፣ የዝሆን ጥርስ ቀለም ያለው ኮት ከጥቁር ሱሪ ጋር በ1930ዎቹ ዓመታት በሞቃት አገሮችና በበጋ ወራት የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ካዛብላንካ» በተባለው ፊልም ሐምፍሪ ቦጋርት ይህንኑ ዓይነት ኮት ለብሶ ይታያል። ፍጹም ነጭ ከሆነ ግን ከሸሚዙ ጋር ስለሚዋሐድ፣ ወደ ክሬም የሚያደላው ይመረጣል። ነጭ ልብስ ሙቀት የሚከላከለው የፀሐይን ጨረር በመመለስ ስለሆነ፣ በሌሊት የሚያቀልለው ቀለሙ ሳይሆን የጨርቁ ስስነት ነው። ለድሬዳዋ ወይም ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሌሊት ስስ ጨርቅ ተስማሚ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ላለችው ለአዲስ አበባ ሌሊት ግን ሱፍ ይሻላል።

በሠርግ ላይ ደግሞ ቀለም ሌላ ትርጉም አለው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ቱክሲዶ በሚለብሱበት ሠርግ፣ ነጭ ኮት ለብሶ የሚመጣ እንግዳ የሙሽራውን ቦታ የተሻማ ይመስላል። ዕለቱ የሙሽራው ነውና እንግዳ ጠቆር ያለውን ቢመርጥ ጨዋነት ነው።

ከሁሉ በላይ የሥርዓቱ ዓላማ መዘንጋት የለበትም። ወንዶች ሁሉ ተመሳሳይ ልብስ ሲለብሱ ባለጸጋውና ደመወዝተኛው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በእኩል ዓይን ይታያሉ፤ ክብሩ የሚሰጠው ለጋባዡና ለበዓሉ ነው። በስቶክሆልም የኖቤል ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ እንኳ፣ የአውሮፓ የማታ ልብስ በጥብቅ በሚጠየቅበት፣ የአገር ባህል ልብስ ይፈቀዳል። ንጹሕ የአገር ልብስ የለበሰ ኢትዮጵያዊ በዚያ የተዋሰው ክብር የለም፤ የራሱን ይዞ ይገባል። ካርዱ ይህን ግልጽ ካላደረገም ጋባዡን መጠየቅ አያሳፍርም።

እንግዲህ ምርጫው በአጭሩ ይህ ነው፤ በሚያጠራጥር ጊዜ ጥቁር፣ መብራቱ ሞቅ ያለ ቢጫ በሆነበት የእኩለ ሌሊት ሰማያዊ፣ በሞቃት አገር ክሬም፣ ጋባዡ በሚፈቅድበትም የአገር ልብስ። ቱክሲዶ የሌለው አባል ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ከወዳጁ ማዕድ መቅረት የለበትም። ንጹሕና በሚገባ የተተኮሰ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ከባዶ ወንበር ይልቅ ጋባዡን ያከብራል።