የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው የራሱ ዕቅድ

አቅራቢ፦ ከ20 ዓመት በፊት የተመረቀ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ዛሬ የሚሠራው ያኔ የተማረውን ብቻ አይደለም። የካርድ ካታሎጉን መሳቢያ ኮምፒውተር ተክቶታል፤ የካታሎግ ደንቡም እ.ኤ.አ. በ2010 አርዲኤ በተባለው መመሪያ ተለውጧል።

የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ኢፍላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው መመሪያ ራስን የማሳደግ ቀዳሚው ኃላፊነት የባለሙያው የራሱ መሆኑን ይገልጻል። አሠሪው ደግሞ ከሥራ ሰዓቱ 10 በመቶ ያህሉን ለትምህርት እንዲፈቅድ ይመክራል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 4 ሰዓት መሆኑ ነው።

ታዲያ የባለሙያው የመማሪያ ዕቅድ ከየት ይጀምር? ከተገልጋዩ ችግር ቢጀምር ይሻላል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በደራሲው ስም የፈለገ አንባቢ መጽሐፉን ካጣው፣ ምናልባት መዝጋቢው እንደ ፈረንጅ ስም «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ገልብጦት ይሆናል። የኢትዮጵያውያን ስም ግን በካታሎግ ደንብ የሚመዘገበው ከራሱ ከባለቤቱ ስም ተነሥቶ ነው። ይህን ክፍተት ያየ ሠራተኛ የዓመቱን የመጀመሪያ ርዕስ አገኘ፦ የስም አመዘጋገብ።

ቀጣዩ ኮሃ ሊሆን ይችላል። ኒውዚላንድ ውስጥ የተጀመረው ይህ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በነፃ ስለሚገኝ፣ በትርፍ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ መለማመድ ይቻላል።

ለአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ርዕስ ይበቃል፤ አሥር የደረደረ ዕቅድ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ እባካችሁ የሠራተኞቻችሁን የመማሪያ ሰዓት በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ አስፍሩላቸው።