ነጻው ትምህርት ለድኻው ልጅ እንዲደርስ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቀብር ሳይሆን ስለ ልጆቻችን ጥናት እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። «ዕድርንና ትምህርትን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ በቅድሚያ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱን ሁላችንም ሰምተናል። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ነበሩ። በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ91 የሚበልጡት አላለፉም ማለት ነው። መንግሥትም ይህን አይቶ በ2015 ዓ.ም. ሪሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ጀመረ። ደግ አደረገ። ነገር ግን ይህ ልጁ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ነው። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሒሳብ የጠፋበት ልጅ እኮ መጀመሪያውኑ እዚያ አይደርስም።

የሚሻለው አስቀድሞ ማስጠናት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው አስጠኚ ቀጥሮ ልጁን እቤቱ ያስጠናል። ለሌለው ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ቅዳሜና እሑድ የሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ ልጆቹ «ቲቶሪያል» የሚሉት። ክፍያ የለውም። ታዲያ ክፍያ ከሌለው የድኻው ልጅ ለምን ይቀራል?

ይህን ለመረዳት የዋግን ኑሮ ማየት ይበቃል። ትምህርት በሌለበት ቀን ወንዱ ልጅ ፍየል ይጠብቃል፤ ልጅቱ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ደግሞ ዓርብ ማታ ስንቁን ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ የሚመለሰው እሑድ ማታ ነው። እንግዲህ ነጻው ትምህርት የተቀመጠው ድኻው ልጅ በማይገኝበት ቀን ላይ ነው። የሚገኘው የተሻለ ኑሮ ያለው ነው፤ ልዩነቱም በዚያው ልክ ይሰፋል።

በዚህ ላይ የባከነውን ጊዜ ጨምሩበት። በ2013 ጥቅምት የተነሣው ጦርነት ልጆቻችንን ከክፍል አስወጥቷል። በ2015ና በ2016 ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሐላንና አበርገሌን ሲመታ ልጆች በረኃብ ከትምህርት ቀርተዋል። ቋንቋውም አለ። እቤቱ ኽምጣና የሚናገር ልጅ አማርኛውን ይጨምራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ተማር ይባላል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የሚያስረዳው ሰው ያጣ ነው።

«ነጻ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ሌላውም አገር አይቶታል። የእንግሊዝ መንግሥት ከወረርሽኙ በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2020 እስከ 2024፣ ለማስጠናት ብዙ ገንዘብ መደበ። ይሁን እንጂ ለድኻ ልጆች ይደርሳል ተብሎ የተወሰነው ድርሻ በ2022 ተነሣ፤ በ2024 ደግሞ በጀቱ ራሱ ቆመ። በህንድ አገር ግን ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ መድቦ በማስተማር መልካም ውጤት አሳይቷል። 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ ማካፈል ካልቻለ ከማካፈል ይጀመርለታል። ይህ ብልኀት እንጂ ወጪ አይጠይቅም።

እኛም ብንሆን ለዚህ እንግዶች አይደለንም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በአገሪቱ ሁሉ ወጣቱ ሽማግሌውን ፊደል አስቆጥሯል፤ ዘመቻውም ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ያን ጊዜ ትምህርቱ ሰው ወዳለበት ሄደ። ዛሬም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የማጠናከሪያው ትምህርት ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንዲሆን ከትምህርት ቤቱ ጋር እንነጋገር። መምህሩን መመደብና አበሉን መክፈል የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ይህንኑ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። የእኛ ድርሻ ቦታው ነው። የዕድራችን ቤትና አግዳሚ ወንበሮቻችን ሐዘን በሌለበት ቀን ሁሉ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። የሚጎድለው የፀሐይ መብራት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እነዚያን ሁለት ምሽቶች ልጆቹን ከሥራ እንልቀቃቸው። ሴቶቹ ልጆች በጨለማ ብቻቸውን እንዳይመለሱ አባላት በተራ ይሸኟቸው።

ሦስተኛ፣ ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ቆሎም ሆነ ዳቦ በተራ እናዋጣ። የቀብሩ ገንዘብ ግን አይነካም፤ መዋጮው ለብቻው በፈቃድ ይሁን፣ ሒሳቡም ለብቻው ይያዝ።

አሁን «ምን አገናኛቸው?» ወደሚለው ልመለስ። በዕድራችን ሀብታም ሲሞት የሚተከለው ድንኳን ለድኻውም ያው ድንኳን ነው። ማንም «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ሸክም አይመርጥም። ለሞተው ያላዳላን ሰዎች በሕይወት ላለው ልጅ ለምን እናዳላለን? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ነገሩን ተነጋግራችሁ እንድትወስኑበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።