በርበሬ ከግንቦት ልደታ በፊት ከቤት አይወጣም
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ስለ ጓሮ አትክልት የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጓሮ አትክልት እንድንናገር ሲጠይቀን፣ በአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ስለ ጎመን ማውራት ተገቢ ነው ወይ ብለን ነበር። ሆኖም በየወሩ ስብሰባችን ቃለ ጉባኤው ተነቦ፣ ሒሳቡ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ሰው ደጅ ቆሞ የሚጨዋወተውን ስናስታውስ ነገሩ ቀለለን። ከሚያዝያ እስከ መስከረም የደጁ ወሬ «የናንተ ቲማቲም ቀላ ወይ? የኛን በረዶ ጨረሰው» ነው። ስለዚህ ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ።

ይህን የምንናገረው በታክሲ ሥራ የምንተዳደር፣ ያኔ ዓለማያ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ሐረማያ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ጀምረን ሳንጨርስ የወጣን ነን። የምንናገረውም ግማሹ ከደብተር፣ ግማሹ ከዚህ ከፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ የተለቀመ ነው። ደብተሩና ጓሮው ባልተስማሙበት ቦታ ጓሮውን አምነናል። በመጨረሻም ማኅበሩን የምንጠይቀው አንድ ነገር ስላለን እስከዚያ ታገሡን።

በቅድሚያ አገሩን እንወቅ። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አውሮራ ትንሽ ከፍ ይላል። በኛ አነጋገር ወይና ደጋ ነው፤ እንዲያውም ባሕር ዳር ከዚህ ትበልጣለች። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ «አየሩማ ያገራችን ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ከፍታው እርግጥ ይመሳሰላል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን እኛ ያለነው ወደ 40 ዲግሪ ላይ ነው። በሰኔ ቀኑ እስከ 15 ሰዓት ይረዝማል። ዝናቡ ደግሞ በዓመት ወደ 370 ሚሊሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,100 በላይ ታገኛለች።

የቀኑ ርዝመት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርት ኳሱን የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ዐይቶ ነው። ባገራችን የሚዘሩት እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ያሉት ዓይነቶች የአጭር ቀን ሽንኩርቶች ናቸው። እዚህ ሲዘሩ ረጅሙን ቀን ያዩና ቅጠላቸው ሳይበቃ ይቋጥራሉ፤ የሚገኘው የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የሚያህል ነገር ነው። «ዘሩ ተበላሽቷል» እየተባለ ስንት ጊዜ ታምቷል! ዘሩ አልተበላሸም። እዚህ ዘር ስትገዙ በከረጢቱ ላይ የረጅም ቀን መሆኑን የሚናገረውን ዓይነት ምረጡ።

አሁን ወደ ጊዜው እንግባ። የዚህ አገር አትክልተኞች ቲማቲምና በርበሬ የሚያወጡት በእናቶች ቀን፣ ማለት በግንቦት ሁለተኛው እሑድ በነርሱ ሜይ፣ አካባቢ ነው። እኛ ከዚህ የተሻለ ምልክት አለን። ግንቦት 1 ልደታ በነርሱ ሜይ 9 ይውላል። ልደታን እናቶቻችን ንፍሮ ቀቅለው ከደጅ ያከብሩት የለ? እንግዲህ ንፍሮው ከተበላ በኋላ በርበሬው ይውጣ። ከዚያ በፊት የሚያወጣ ሰው ከውርጭ ጋር ቁማር ይጫወታል። ልደታ ካለፈም በኋላ የአየር ትንበያውን መስማት ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሜይ 20 እና 21፣ በኛ ግንቦት 12 እና 13፣ ስኖ ወርዶ የስንቱን ችግኝ አጋድሞታል። (በቋንቋችን ስኖውም ሰማይ የሚወረውረው ድንጋይም ሁለቱም በረዶ ስለሆኑ፣ ለዛሬ ስኖውን ስኖ እንበለው።)

በዚህ አገር ከመጨረሻው የጸደይ ውርጭ እስከ መጀመሪያው የበልግ ውርጭ ያለው ጊዜ አምስት ወር ያህል ነው። አንዳንድ ዓመት ያንኑም አይሰጥም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ በሦስተኛው ቀን ስኖ ወረደ። ቀኑ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነበር። ባገራችን ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ፣ እኛ በሌሊት አንሶላ ይዘን ቲማቲም ስናለብስ አደርን።

በርበሬ ከዘር እስከ ቀይ ዛላ ድረስ እሱም አምስት ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት በቤት ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ይዘራል፤ ከበቀለ በኋላ ብርሃን እንዳያጣ። ከልደታ በፊት ባለው ሳምንት ቀን ቀን እያወጡ፣ ማታ ማታ እያስገቡ ነፋሱንና ፀሐዩን ማለማመድ ነው። ማረቆ ፋናን የመሰለ ትልቅ ዛላ የያዘ በርበሬ እዚህ እግሩ ላይ እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ሲቀላ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ይደርቃል።

ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ አተርና ድንች ግን ልደታን አይጠብቁም። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ አፈሩ ጭቃ ካልሆነ ይገባሉ፤ ቆስጣና ቀይ ሥር በሚያዝያ ይከተሏቸዋል። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ተተክሎ ከስኖ ሥር ይከርማል። የሐበሻው ጎመን፣ ማለት ዘሩ ተወቅጦ የምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ጎመንዘር፣ እዚህ ገበያ የምንገዛው ኮላርድ አይደለም፤ ዝርያው ሌላ ነው። በሰኔ ሙቀትና ረጅም ቀን ሲመጣበት ቶሎ ያብባል። ስለዚህ በለጋነቱ መልቀም፣ በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ሁለተኛ መዝራት ነው። የጥቅምት ውርጭ የነካው ጎመን እንደሚጣፍጥ የቀመሰ ያውቃል።

በአፈሩ ነገር ከእናቶቻችን ጋር ትንሽ እንከራከራለን። ባገራችን የምድጃ አመድ ጓሮ ውስጥ ይበተናል፤ በብዙው ደጋ አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ አመዱ ይጠቅማል። እዚህ አፈሩ ጠበቅ ያለ ሸክላና ኖራ የበዛበት ነው። አመድ ሲጨመርበት በበሽታው ላይ በሽታ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። አመዱን ትተን የበሰበሰ ቅጠልና ኮምፖስት እናብላው። የቡና አተላም በልኩ ይገባል፤ የሦስቱንም ጀበና አንድ ቦታ መድፋት ግን ደግ አይደለም። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ሥር የቀለም እርሳስ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ጎመን ከመዝራት በፊት አፈሩን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላቦራቶሪ ይህን ይሠራል። የመኪና ዘይት የሚቀየርበት ቦታማ እኛ ባለታክሲዎች እናውቀዋለን፤ እዚያ ምንም አትትከሉ።

ስለ ውሃ ስንናገር የዓለማያ ሐይቅ ይታወሰናል። የሐረር ከተማ ትጠጣው ነበር፤ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይስበው ነበር፤ ደለልም ይገባበት ነበር። ዓይናችን እያየ ሸሸ፤ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደረቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃ ተመልሶበታል። ኮሎራዶም ውሃ የተትረፈረፈበት አገር አይደለም። በጎማ ቱቦ ከላይ ከመርጨት የሚያንጠባጥብ ቱቦ ከሥሩ መዘርጋት፣ አፈሩን በገለባ ማልበስ፣ በማለዳ ማጠጣት ይበጃል። የጣራ ዝናብ ማጠራቀም በዚህ ስቴት ለቤት ባለቤት የተፈቀደው ገና በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን። ሕጉ ከአራት ቤት በላይ ያለውን ሕንፃ ስለማይጨምር የፒዮሪያ አፓርትመንቶች የሉበትም።

በረዶውን እንዴት እንከላከል ለምትሉ፣ በግንቦትና በሰኔ ደመናው ሲጠቁር እኛ መኪናችንን ከድልድይ ሥር እንደምናስጠጋ፣ ለችግኙም ቀስት በሠራ ቱቦ ላይ የተወጠረ መረብ ይበቃዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን በምዕራብ ዴንቨር የወረደው በረዶ የስንቱን መኪና ጣራ እንደ ወንፊት እንዳደረገው ታስታውሳላችሁ። ለመረብ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ፍሬን በተመለከተ አጠር እናድርገው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ዘይቱን እዚህ ደጅ አይከርሙም። ጌሾም ከወደዳችሁት በባልዲ ተክላችሁ ክረምቱን ቤት አስገቡት። ፖም ግን ብርድ የሚፈልግ ዛፍ ነው፤ ባገራችንም የታወቀው በጋሞ ደጋ በጨንቻ ነው። እዚህ ፖም፣ ጎምዘዝ ያለው ቼሪ፣ ፕሪምና ወይን ይሆናሉ። ኮክ ያብባል፤ አበባውን የሚያዝያ ውርጭ እየመታው ብዙ ዓመት ያለ ፍሬ ይቀራል፤ ጥሩው የኮሎራዶ ኮክ ከተራራው ማዶ ከፓሊሴድ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ለፖም ሁለት ዓይነት ወይም የጎረቤት ፖም ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለት ነገር ቢኖር፣ አንደኛ፣ ስኖ በሌለበት የክረምት ወር በሞቃት ቀን ዛፉ ውሃ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የክረምት ፀሐይ የለጋ ግንድን ልጥ አሙቆ የሌሊቱ ብርድ ይሰነጥቀዋልና፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ግንዱ ይጠቅለል።

ዘርን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከአገር ቤት ስትመጡ በሻንጣ የቋጠራችሁት ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ካልሆነ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይቀራል፤ ሳያሳውቁ መገኘት ደግሞ ቅጣት አለው። እናት የላከችው የበሶብላ ዘር ተወስዶባቸው ዓይናቸው የቀላ ተሳፋሪዎችን ጭነን እናውቃለን። ስለዚህ እዚህ የበቀለውን ዘር ማቆየት የሁላችንም ሥራ ነው፤ ከጎመኑ መካከል ደኅናውን ግንድ ሳትለቅሙ ለዘር ተዉት። ጤና አዳም የምታሳድጉም ፀሐይ ላይ ሆናችሁ በባዶ እጅ አትቁረጡት፤ ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ደረስን። ይህን ሁሉ ከኛ በላይ የሚያውቁ ሰዎች በፒዮሪያ ስትሪት ግራና ቀኝ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ ላይ አሉ። ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ልጅ ሥራ ይወጣል፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እነርሱ ከመስኮትና ከቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። በሌላ በኩል ከፒዮሪያ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ አውሮራ ቤት ገዝተው የሄዱ አባሎቻችን አሉ። ጓሮ አላቸው፤ ጓሮው ሣር ነው። ሣሩን ያጠጣሉ፣ በየሳምንቱ ያጭዳሉ፤ ከብት ግን የላቸውም።

አንዲት እናት በረንዳቸው ላይ በአምስት ባልዲ ጎመንና በሶብላ ዘርተው ነበር። የሕንፃው አስተዳደር በረንዳ ላይ ዕቃ አይቀመጥም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ባልዲዎቹን ወደ መኪናችን ያወረድን እኛ ነን። «እማማ፣ ጎመኑን ከገበያ እናመጣለን» ብንላቸው «ልጄ፣ ጎመኑስ ይቅር፤ እጄን ምን ላድርገው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ባለፈው ጸደይ ሁለት ቤተሰቦች ከጓሮአቸው ጥግ መደብ ቆርሰው ሰጡ። በአንደኛው እኒህ እናት ሲሠሩ ከረሙ፤ የቤቱ ልጆችም ከእንግሊዝኛው ሌላ «ኩትኮታ» የሚለውን ቃል ተማሩ። ሁለተኛው ግን በሰኔ ደረቀ። ጋሼን የሚያመላልስ ሰው ስለጠፋ እንጂ ባለቤቶቹ ቸልተኞች ሆነው አይደለም። ከጧቱ ሩጫ በኋላ ብዙዎቻችን ባለታክሲዎች ተሳፋሪ ስንጠብቅ የምናሳልፈው ሰዓት አለ። በሳምንት ሁለት ጧት ለማመላለስ አምስት ነጂዎች ተስማምተናል፤ ቆጣሪው ይዘጋል።

መሬት ከየት ይገኛል የሚል ቢኖር፣ የዴንቨር የጋራ አትክልት ቦታዎች ታሪክ የሚጀምረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ምዕራብ ዴንቨር አትክልት ከተከሉ የህሞንግ ስደተኛ ሴቶች ነው፤ ዴንቨር አርባን ጋርደንስ የሚባለው ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። የስደተኛ እጅ አዲስ ነገር አይደለም። የጋራ መደብ መከራየትም ይቻላል፤ ሆኖም ተራ መጠበቅ አለው፣ እማማ ደግሞ እስከዚያ ይጠብቁ አንልም።

ስለዚህ ጓሮ ያላችሁ አባላት፣ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል። ስማችሁን፣ የምትሰጡትን ቦታ ስፋት፣ ውጪ ቧንቧ መኖር አለመኖሩን፣ ውሻ ካለም ውሻ እንዳለ ጻፉ። የሰፈር ማኅበር ደንብ ያለባችሁ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ። ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ የትኛው ቀን እንደሚመቻቸው ራሳቸውን ጠይቃችሁ ንገሩን፤ እናንተ አትወስኑላቸው። የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ እኛ ዘንድ በመስኮት ሥር ቆሟል፤ ከልደታ ማግስት ጀምሮ በነፃ ይታደላል። ባልዲ ይዛችሁ ኑ።