ባሌስትራ ከመጨመራችን በፊት

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ ከጥገና ክፍል ለአባል ማህበራት ተወካዮች የቀረበ ገለጻ)



ስለ ግብይትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በፊት የተናገሩት በሰፊው ስላብራሩት፣ እኔ ከጋራዥ በኩል አንድ ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጉዳዩ የአሮጌ ፒክአፖቻችን ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የአባላት ገንዘብም የሰው ሕይወትም አለበት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ ሌላ ፒክአፕ ለመግዛት አስበው ዋጋውን ሰምተው የተመለሱ ማህበራት አሉ። በመሆኑም ያለችውን አድሶ መያዝ የግድ ሆኗል። ወደ እኛ የሚመጣው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ኋላዋ ተኝቷል፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት የባሌስትራ ብረት ይጨመርልን» ይላል። ሥራ አመራር ኮሚቴዎች ይህን ጥያቄ እንዳለ እንዳያጸድቁ ነው የምጠይቀው።

የአንድ መኪና የመጫን አቅም በባሌስትራ ብቻ አይወሰንም። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ፍሬኑ ሁሉ አብረው ይሸከማሉ። ባሌስትራ ስንጨምር የጠነከረው አንዱ ብቻ ነው። ቀድሞ ኋላዋ ዝቅ ሲል ሹፌሩ «በዛ» ብሎ ያቆም ነበር፤ አሁን ያ ምልክት ይጠፋል፣ ክብደቱ ግን እዚያው አለ። ሂሳቡን እናስላው። የማዳበሪያ ጆንያ 50 ኪሎ ስለሆነ 20 ጆንያ 1 ቶን ይሞላል። አቅሟ 1 ቶን በሆነች ፒክአፕ ላይ 20 ጆንያ ጭነን ስድስት ሰው ከላይ ብናስቀምጥ ከ3 ኩንታል በላይ ትርፍ ጫንን ማለት ነው። (ሰው በጭነት ላይ ስለማስቀመጥ ያለውን ነገር ለትራፊክ ፖሊስ ልተወው።) ሻንሲው ሲሰነጠቅ የሚወጣው ወጪ ከባሌስትራው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በርካታ የቶዮታ ፒክአፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲኖር ኋላዋ ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባዶ ስትሆን ይቀንሳል። ባሌስትራ ጨምረን ኋላዋን ከፍ ካደረግን ቫልቩ መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ የኋላ ፍሬኑ ይደክማል። ባሌስትራ የነካ ጋራዥ ይህንን ቫልቭ መልሶ ማስተካከል አለበት። አስተካክሎ እንደሆነ መጠየቅ የባለንብረቱ ፈንታ ነው።

ታዲያ ገንዘቡን የት እናውለው? በመጀመሪያ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ላይ። መኪናዋ ሳትሞቅ የጎማ ንፋስ ይለካ። ቀጥሎ ጎሚኒዎቹ ይታዩ፤ የባሌስትራውን ጆሮ፣ የማንጠልጠያውንና የሾኩን ጫፍ የሚይዙት ላስቲኮች ማለቴ ነው። ላስቲኩ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ መኪናዋ ታንኳኳለች፣ መሪው ይዋልላል፤ ሹፌሩም «ባሌስትራው ሞቷል» ብሎ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሞተው ላስቲኩ ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ድምፅም ያሰማል፣ የራሱን ቅባትም ይፈልጋል። ለእኛ ሥራ ጥሩው ላስቲክ ይበቃል ባይ ነኝ። ላስቲኩን ግን ተራ ግራሶ አትቀቡት፤ ያብጥና ይበላሻል።

ከዚያ ሾክ አብዞርበር ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ተለምዷል። ሾክ ጭነት አይሸከምም። ሥራው ባሌስትራው ሲዘል ማረጋጋትና ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበው ፒስታ ላይ የደከመ ሾክ ያላት መኪና ጎማዋ ይዘላል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። ዘይት ያፈሰሰ ሾክ ያለ ክርክር ይቀየራል፣ የሚቀየረውም በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ በአንድ ላይ ነው። ትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ ከተገኘ የማወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጋዝ ያለበትን ሾክ እመርጣለሁ። ረጅም ኮረኮንች ላይ ተራው ሾክ ውስጥ ዘይቱ አረፋ ይሠራና ኃይሉን ያጣል፤ ጋዙ ይህን ይቀንሳል።

ባሌስትራው በእርግጥ ከተኛ ወይም ከተሰበረ መቀየሩ አይቀርም። የተሰበረውን ግን አታስበይዱት። ብረቱ በሙቀት ተጠንክሮ የተሠራ ስለሆነ የብየዳው እሳት ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ ከጎኑ መልሶ ይሰበራል። በእሳት አግሎ መልሶ ማጉበጥም፣ ብረቱን ዳግም በሥርዓቱ የሚያጠነክር ከሌለ፣ ከዚህ አይሻልም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም እንደገና ይጥበቁ። ይህን ሁለተኛውን ማጥበቅ ሁሉም ይረሳዋል።

ዕቃ ስትገዙ ሊብሬውን ይዛችሁ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራችው ፎር ዊል ሃይሉክስ በአብዛኛው ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው ያላት። የላንድክሩዘር ፒክአፕ ግን እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከፊት በሞላ ነው። «የቶዮታ ሾክ ስጠኝ» ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ለዩኒየናችን ሥራ አመራር የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለባሌስትራ ግዥ የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ ጎሚኒው፣ ሾኩና የፍሬን ቫልቩ መታየታቸውን ከሚገልጽ የምርመራ ወረቀት ጋር ይምጣ። ሁለተኛ፣ ጎሚኒና ሾክ በየማህበሩ በነጠላ ከሚገዛ በዩኒየኑ በኩል በጨረታ በአንድ ላይ ይገዛ። የማዳበሪያ ማጓጓዣው ወቅት ሳይደርስ ቢወሰን መልካም ነው።

ከሻይ በኋላ ግቢ ውስጥ አንዷን ፒክአፕ በክሪክ አንስተን በድጋፍ አቁመናታል። ሹፌሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያለቀ ጎሚኒ ምን እንደሚመስል በእጃችሁ ነክታችሁ ታያላችሁ።