የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ደም ከማን እንጠይቅ?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በዋናው መንገድ የሚጓዝ ሰው ማንኩሳን ያልፋል። እኛ የዚያ አገር ልጆች በሕፃንነታችን ማንኩሳን የምናውቃት በገበያዋ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካነበብን ወዲህ ግን የበዛብህ አገር ሆነችብን። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙት ወላጆቻችንም ስለ ልጁ ሲያወሩ የጎረቤት ልጅ የሞተባቸው ይመስላሉ።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ልጆች ማን ገደላቸው?

ከአሥር ሰው ዘጠኙ ወዲያው «ፊታውራሪ መሸሻ!» ይላል። እውነትም ነው። የሰብለን ጠያቂዎች ሁሉ በዘር ቆጠራ እየመለሱ ልጅቱን ያስቀመጧት፣ የድኃ ልጅ መምህር መውደዷንም እንደ ውርደት የቈጠሩት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ፍርዱን በእርሳቸው ላይ ብቻ ጨርሰን ብንነሣ እጃችንን ቶሎ መታጠባችን ነው።

ሌሎች ደግሞ «ልማዱ ነው የገደላቸው» ይላሉ። ይህን መልስ እኛ አንወደውም። ልማድ በሰው አፍ ካልተናገረ፣ በሰው እጅ ካልሠራ ምን ጉልበት አለው? በመጽሐፉ ውስጥ ባላገሮቹ አበጀ በለውን አለቃ አድርገው ያለአግባብ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በፊታውራሪው ላይ ተነሥተዋል። ስለዚህ እንቢ ማለት የማይቻልበት ዘመን አልነበረም። ለእህሉና ለበጉ ብዙ ሰው ሲቆም፣ ለልጅቱ ግን ከዘመዶቿ ወገን የቆመ አንድ ካሣ ዳምጤ ነው፤ እርሱንም አገሩ «ጉዱ» ብሎ ሰይሞታል። የሚናገረውን ሰው እብድ እያሉ መሳቅ ከጥፋቱ ድርሻ የለውምን?

ከሁሉ የሚያስጨንቀን ግን የማንኩሳው ቤት ነው። ወላጆቹ ልጃቸው እንዲኖርላቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ስለቱም አብሮት አደገ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማርም ሆነ ሰብለን ሲያስተምር ያ ስለት አልለቀቀውም። ፊታውራሪው በትዕቢት የዘጉትን በር ውድነሽ በፍቅር አስቀድማ ዘግታው ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ወላጆች ናቸው፤ ሁለቱም ልጁን አልጠየቁም። በዛብህ ሸሽቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተከተለችው፤ ስታገኘው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነበር።

ይህ ያለፈ የመሳፍንት ቤት ታሪክ ነው የሚለን ካለ፣ የራሳችንን ቤት እንይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጃገረድን በ15 ዓመቷ፣ ወንዱን በ18 ዓመቱ ለጋብቻ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው ሁለቱንም በ18 ያስተካከለው። ሕጉ ከወጣ በኋላም በገጠራችን ሳትጠየቅ የተዳረች እኅት ያለችው ሰው በዚህ አዳራሽ እጁን ቢያወጣ፣ እኛ ከፊተኞቹ ነን። በሠርጓ ቀንም ጠላውን ጠጥተናል፤ ጨፍረናልም።

ስለዚህ ፊታውራሪውን መክሰስ ቀላል ነው። ስለ ልጇ ነፍስ የተሳለችውን እናት በድፍረት የሚከስስ፣ ወይም በደንብ የሚከራከርላት ካለ መድረኩን እንለቅለታለን።